የካሴ ወገብ

በሮብ ገበያ አካባቢ ታሞ መሄድ ነውር ነው። የታመመ ሰው ይተኛል፣ ያቃስታል፣ ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ካሴ ይህን ሕግ አፈረሰና የሚገባውን አገኘ።

የገብስ ዘር ሲቃረብ ሞፈር ተሸክሞ ሲወርድ አዳለጠውና ወገቡ ተያዘ። አልለቅ ሲለው በበቅሎ ደብረ ማርቆስ ወረደ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እግሩን አንሥቶ አወረደ፣ ወገቡን ዳሰሰ።

"አጥንትህ ደኅና ነው። ብትተኛ ይብስብሃል። ጠዋት ማታ ተራመድ፤ እርሻና ሸክም ግን ለጊዜው ይቅርብህ። ቀስ እያለ ይለቅሃል" አለው።

ካሴ ደስ ብሎት ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ዘንጉን ይዞ እስከ ወንዙ ይሄዳል። ሕመሙም መቅለል ጀምሮ ነበር። ችግሩ መንገዱ በሙላት ማሳ ዳር ማለፉ ነው። ሙላት የወንፈሉ አለቃ ነው፤ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ ተጋግዘው የሚያርሱት ሁሉ እሱን ይሰማሉ። እነሱ በጭቃ ተለውሰው ሲያርሱ ካሴ ዘንጉን ይዞ ያልፋል።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!" አለ ሙላት። "ለሽርሽር ደኅና፣ ለእርሻ በሽተኛ!"

"ሐኪሙ ነው ሂድ ያለኝ፣ አያ ሙላት። ትንሽ ታገሡኝ።"

"ሂድ የሚባል መድኃኒት የት አገር ነው ያለው?"

ተሳሳቁበት። ከዚያ ወዲህ የካሴን ማሳ የረገጠ በሬ የለም። የዘሩ ጊዜ ሊያልፍ ሆነ፤ ልጆቹ ከርሞ የሚበሉት አይኖርም። ሚስቱ ጥላነሽ ወደ ሙላት ደጅ ሄዳ ለመነች።

"እሳት ይንካው" አላት። "ታሞ ከሆነ ያድነዋል፤ አስመስሎ ከሆነ ያስነሣዋል። ያኔ እናርስላችኋለን።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙላትና የወንፈሉ ሰዎች መጡና ካሴን በሆዱ አስተኝተው እጅ እግሩን ያዙት።

"ጥላነሽ፣ ኧረ በእመቤቴ! ልድን ነው እኮ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ!"

"ገብሱ አይጠብቅህም" አለችው። የጋለውን ማጭድ ከምድጃ አውጥታ ለሙላት ያቀበለችው እሷ ናት።

ማጭዱ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ካሴ ያዦቹን ሁሉ ጥሎ ተነሣ፤ እየጮኸ እስከ አጥሩ ሮጠ። ሙላት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አላልኳችሁም? የታመመ ሰው እንዲህ ይሮጣል?"

በማግስቱ ወንፈሉ መጣ፤ ቃል ቃል ነው። ካሴንም እርፍ አስጨበጡት። ቁስሉ እየደማ እስከ ቀትር አረሰ፤ ከዚያ ትልሙ ላይ ተደፋ። ተሸክመው አስገቡት።

ገብሱ አማረ። ካሴ ግን ዳግመኛ ቀጥ ብሎ አልቆመም። አሁን እንደ ደንቡ ተኝቶ ያቃስታል፤ ማንም አይስቅበትም። ወገቡን የሚያመው ሁሉ ግን ሙላትን ያስጠራል። ፈርቶ የሚያመነታ ካለ ጥላነሽ አልጋ ላይ ያለውን ባሏን እያሳየች ታደፋፍረዋለች።

"ያን ቀን ሲሮጥ ብታየው!" ትለዋለች።