ንጉሡ የደረበው ልብስ

አሊዪ ሷሊሕ ሲዋሽ ያልበዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ስለሚውል ማንም አይነቃበትም። መምህርት ጸደንያም ያን ቀን አልነቃችበትም። ያቺን አንዲት ውሸት ባይዋሽ ኖሮ ያ ሁሉ ግራ መጋባት ባልመጣ፣ ባሕር ማዶ ያለ ንጉሥም የሙታን ልብስ ደርቦ ፎቶ ባልተነሣ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጸደንያ ስልክ ነው። ጸደንያ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። የቆላው ሙቀት ከቤት ስለማያስወጣት ከትምህርት ቤት መልስ ማራገቢያ ፊት ተቀምጣ የይፋትን ሽመናና ስፌት ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ትለጥፋለች። ታዲያ አንድ ቀን ከሰማይ ዱብ ያለ የሚመስል ግብዣ ደረሳት። የቬልማርያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዓለም አቀፍ የንግድ ኤክስፖ አዘጋጅቷል፤ ከይፋትም አንድ የቆየ ሽመና ለትርኢቱ ቢላክለት ደስታውን አይችለውም። የመላኪያውን ራሱ ይከፍላል፣ ትርኢቱ ሲያበቃ ዕቃውን ይመልሳል፣ የሸማኔውን ስም ከሥራው ሥር በትልቁ ይጽፋል። ከግብዣው አናት ላይ ባለ ሁለት ራስ አሞራ ያለበት ወርቃማ ማኅተም ነበር።

የጂኦግራፊ መምህሩ ብሥራት ቬልማርያን ፍለጋ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ ጣቱን ሲያንከራትት ዋለ። አላገኘውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞት ነው ለሱ። «ካርታው የቆየ ነው» አለ በመጨረሻ። «አገር እንደሆነ በየዓመቱ ይፈለፈላል።» ጸደንያም በዚህ ረክታ የሸማኔ ልጅ ወደሆነው ወደ አሊዪ ቤት በባጃጅ መጣች።

አሊዪ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት ገበሬ ነው። ከዚያ በላይ ግን የመንደሩ ቅሬ ዕቃ ጠባቂ ነው። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ተሰብስቦ የሚቀብረው ማኅበር ነው፤ ድንኳኑ፣ ጎላው፣ አካፋው፣ ቃሬዛው ሁሉ አሊዪ ግቢ ባለች ክፍል ይቀመጣል። ከነዚህ ሁሉ የሚከበረው የቃሬዛው ልብስ ነው። ከፈኑ ከሟቹ ጋር ይቀበራል፤ ይሄኛው ግን ሬሳውን መንገድ ላይ ሸፍኖ፣ መቃብር አድርሶ፣ ታጥፎ ይመለሳል። ነጭ የጥጥ ሸማ ሆኖ ዙሪያውን ቀይና ጥቁር ጥለት አለው። ያንን ጥለት የሚያውቅ ሸማኔ ዛሬ የለም። የሠራው የአሊዪ አባት ሷሊሕ ነው፣ አላህ ይዘንለት።

ጸደንያ ገና ስታየው አፏን ያዘች። «ጋሼ አሊዪ! ይሄ ምን ቀን ነው የሚለበሰው?»

በዚያ ቀዬ የቃሬዛን ልብስ ስም በደህና ቀን፣ ያውም በእንግዳ ፊት፣ አፍ ሞልቶ የሚጠራ የለም። አሊዪም ቢናገር መምህርቷ ትታው እንዳትሄድ ፈራ። የሸማኔው ስም በትልቁ ይጻፋል ያለችው ነገር ደግሞ ልቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። አባቱ ዕድሜ ልኩን ሸምኖ ስሙ የትም ሳይጻፍ ነው የሞተው።

«ለክብር ቀን የሚወጣ ነው» አላት።

«ትልልቅ ሰዎች ይደርቡታል ማለት ነው?»

«ትልልቆቹም ይደርቡታል» አለ አሊዪ፣ ላቡን በፎጣው እየጠረገ።

የቅሬውን ዳኛ ሸህ ከቢርን እንኳ አላስፈቀደም። ትርኢቱ የአንድ ወር ነገር ነው፤ እስከዚያ ሰው ቢሞት ሌላ ጋቢ አይጠፋም ብሎ ራሱን አሳመነ። ልብሱም ተጠቅልሎ በደሴ አውቶቡስ ተጫነ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወዳልታወቀው አገር በረረ።

ልብሱ በሄደ በሳምንቱ የአሊዪ እናት እማማ ኑርሃን ታመመች።

ሕመሙ የማይመለስ ዓይነት እንደሆነ የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ለአሊዪ ብቻ ነገረችው። ኑርሃን ግን ሳይነገራትም አውቃዋለች። እናም የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባትህ በሠራው ሸፍናችሁ ውሰዱኝ» አለችው። «ፈትሉ የኔ ነው፣ ሽመናው የሱ። በሌላ ጨርቅ ብሄድ ቅር ይለኛል።»

«ኢንሻ አላህ እማዬ።»

«ብል እንዳይበላው አውጥተህ ፀሐይ አሙቀው።»

በማግስቱ «አሞቅከው?» ብላ ጠየቀችው።

«አሙቄዋለሁ» አለ አሊዪ። ከዚያ ወጥቶ ከማንጎው ሥር ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቱን ዋሽቶ አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ሐፍረትም ተሰምቶት አያውቅም።

በየቀኑ ወደ ጸደንያ ይመላለስ ጀመር። «መቼ ነው የሚመለሰው?» ይላታል። እሷም ትጽፋለች፤ ከቬልማርያም ወዲያው መልስ ይመጣል፣ ከነማኅተሙ። ኤክስፖው በሕዝብ ጥያቄ ተራዝሟል! የይፋት አዳራሽ እጅግ ተወዷል! ጸደንያ ራሷ መጠራጠር ጀምራ ነበር። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልግ ባንዲራ አለው፣ መዝሙር አለው፣ የጦር ሚኒስትር አለው፤ አየር ማረፊያ ግን የለውም። «ሌባ ናቸው እንዳልል ገንዘብ አልጠየቁኝም» አለችው ግራ ገብቷት። «እንዲያውም የመላኪያውን ከፈሉ። ምን ዓይነት ሌባ ነው ከፍሎ የሚሰርቅ?» አሊዪም አላወቀም።

ከዚያ ፎቶው መጣ።

አንድ ሸበቶ ፈረንጅ ወርቅ የሚመስል ዘውድ ደፍቶ፣ በትር ጨብጦ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ከትከሻው ጀምሮ እስከ እግሩ ድረስ የወረደው ደግሞ የቃሬዛው ልብስ ነው። ቀይና ጥቁሩ ጥለት ልክ በንጉሡ ጉልበት ላይ ያልፋል። ጸደንያ ደስ ብሏት ነበር ያሳየችው። አሊዪ ግን «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ስልኩን ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ያኔ እውነቱን ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። ዋርካው ሥር ቅሬው ተሰበሰበ፣ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሸህ ከቢር መነጽራቸውን ሁለቴ ጠርገው አዩት።

«እኔ የምለው፣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» አሉ።

«ዓይኑ ተገልጧል እኮ ሸሁ» አለ ሰዲቅ የሚባለው ጎረቤት።

«ዓይኑን ገልጦ የሄደ ስንት አለ።»

«ይሄኛው ይስቃል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ ሸሁ ትንሽ አስበው። «ታዲያ ምን እንበልለት? ኢናሊላሂ ነው የሚባለው ወይስ ዕድሜ ይስጠው?»

ሰዲቅ ስልኩን አስጠግቶ ሲያይ ቆየና «ከዙፋኑ ጀርባ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው» አለ። ይህም ነገሩን ከማጥራት ይልቅ የባሰ አደፈረሰው። የትኛው ንጉሥ ነው ዙፋኑን ከልብስ ማጠቢያ አጠገብ የሚያኖር?

በመጨረሻ ወደሚያውቁት ሥርዓት ተመለሱ። በዚያ መንደር የቃሬዛው ልብስ በስሕተት ሕያው ሰው ላይ ካረፈ፣ ያየው ሁሉ ቆሞ ዱዓ ያደርግለታል፣ የሞት ተራው እንዲርቅ። ከዚህ በፊት ይህ የተደረገው ነፋስ ልብሱን ላለበሳቸው ለአንድ ሁለት ሰዎች ነው። አሁንም ሸህ ከቢር ተነሡ፣ ሕዝቡም ተነሣ፣ እጆች ተዘረጉ። «ያ አላህ፣ ይህ ስሙን የማናውቀው ንጉሥ ሳያውቅ ነው የደረበው። ተራውን አርቅለት።» «አሚን!» አለ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ። ዱዓው እንዳለቀ ሸሁ ወደ አሊዪ ዞረው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበሉትና ለሰዲቅ ሰጡት። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ጸደንያ ያንኑ ዕለት ሁሉንም ዘርዝራ ጻፈች፤ ልብሱ ምን እንደሆነ፣ የጠባቂው እናት ልትሞት እንደሆነና ልብሱን እንደምትጠብቅ። ማኅተም ያለው መልስ አልመጣም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ አሊዪ ቤት ቁጭ ብላ ኑርሃንን ስትጠይቅ፣ ስልኳ በቪዲዮ ጮኸ። ንጉሡ ነው።

ዘውድ የለውም። ሹራብ ለብሷል፣ ፊቱ ቀልቷል። ጸደንያ እያዳመጠች ትተረጉማለች፣ የምትተረጉመውንም ራሷ የምታምነው አትመስልም። «ጡረታ የወጣ የባቡር ሹፌር ነኝ ይላል። ግዛቱ ቤቱና ጓሮው ነው። ዜጎቹ ወዳጆቹ ናቸው። ኤክስፖው ጋራዡ ውስጥ ነበር። ማንንም ለማታለል አይደለም፣ ጨዋታ ነው ይላል።»

«ጨዋታ? በዚህ ዕድሜው?» አለ አሊዪ። «ታዲያ ንጉሥ ነው አይደለም?»

«እኔ እንጃ ጋሼ አሊዪ። ነኝም አይደለሁምም እያለ ነው።»

«ልብሱስ? እሱም ጨዋታ ሆነ?»

«ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ ይላል። የሙት ልብስ መሆኑን ቢያውቅ አይነካውም ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል።»

አሊዪ ቀና ሲል እናቱ በክርኗ ተደግፋ ታየዋለች። ሁሉንም ሰምታለች። እግሯ ላይ ሊወድቅ ተነሣ፤ እሷ ግን እጇን የዘረጋችው ወደ ስልኩ ነበር።

«ሰውዬውን ተዉት፣ አትውቀሱት» አለች። «ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሲደርቡት ከበደዎት ወይ በይልኝ።»

ጸደንያ ጠየቀች። ሰውዬው የቀልድ ፊት አልነበረውም። ቀስ ብሎ መለሰ።

«አልከበደኝም ይላል። መደረቤን ረስቼ ምሳዬን በልቻለሁ ይላል። ቀሎኝ ነበር፣ ደግሞ ይሞቃል ይላል።»

ኑርሃን ትራሷ ላይ ተመልሳ ጋደም አለች። ሲያዩዋት ትስቃለች፣ እንባዋም በጆሮ ግንዷ ይወርዳል።

«ቀጭን አድርጌ ነበር የፈተልኩት» አለች። «ሷሊሕ ይበጠሳል እያለ ተቆጣኝ። እኔ ግን አፈሩ ይበቃቸዋል፣ ጨርቁ ደግሞ አይክበዳቸው ብዬ ነው። ይኸው ስንቱን ሸኘንበት። አንድም ተመልሶ የነገረኝ የለም።»

አሊዪ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬም ምን እንደተባለ ሳይገባው፣ ጥሪውን አልዘጋም።

ልብሱ እሷ በሕይወት እያለች ደረሰ። ጥግ ላይ የቆርቆሮ ሜዳልያ ተሰክቶበታል፤ አብሮት የመጣው ካርድ ላይ ደግሞ ጸደንያ በነገረችው መሠረት «ሸማኔ ሷሊሕ፣ ፈታይ ኑርሃን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ኑርሃን ማንበብ አትችልም። የራሷ ስም የቱ እንደሆነ ጠይቃ በጣቷ ዳበሰችው። ልብሱንም ዳበሰችው፣ ፀሐይ አለመሞቁን አውቃ አሊዪን ገላመጠችውና አውጥቶ እንዲያሰጣው አዘዘችው። አሁን በእውነት አሰጣው።

ከዚያ ብዙም አልቆየች። ሸህ ከቢር ሜዳልያው ይነሣ አይነሣ ብለው ሲያመነቱ ሰዲቅ ነቀለው፣ ያ የቆርቆሮ ነገርም የት እንደገባ አይታወቅም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እስከ ዛሬ ሰዲቅ ዘንድ ነው።

በቀብሯ ቀን አሊዪ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ይዞ ነበር። ከአስፋልቱ ወርደው ወደ መቃብሩ ሲታጠፉ ከቆላው የተነሣ ትኩስ ነፋስ የልብሱን ጠርዝ ገልቦ በአሊዪ ራስና ትከሻ ላይ ጣለው። ሰልፉ ቆመ። ከኋላው ሸህ ከቢር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያ አላህ፣ ተራውን አርቅለት» ሲሉ ሰማ፣ ሕዝቡም «አሚን» አለ። አንድ ሰው ሊያነሣለት እጁን ዘረጋ። አሊዪ ራሱን ነቀነቀ፣ ትንሽ ይቆይልኝ ለማለት።

ጥጡ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ትከሻው ላይ መኖሩ እንኳ አይታወቀውም። ንጉሡ አልዋሸም።