አርምሞተ ጅራፍ

ድምፅ ለሰው ልጅ የሕልውናው ማኅተም፣ የመኖሩም ምስክር መሆኑን፣ ኅሊናህ የበሰለ፣ ማስተዋልህ የሰላ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሳትታዘበው አትቀርም፤ የሚጠራው ያጣ ሰው በሩን አላትሞ ይዘጋልና፣ የሚያደምጠው ያጣም ብቻውን ያፏጫልና።

የደብረ ማርቆሱ ተወላጅ ዘርአብሩክ፣ በባሕር ላይ እህልና ሲሚንቶ በምታመላልስ ታላቅ ሐመር፣ በሞተር ክፍሏ ውስጥ ሲያገለግል፣ ከእርሱ በቀር ሠራተኞቿ ሁሉ ፊሊፒናውያን ነበሩ፤ ስለዚህ በማዕድ ሲሳሳቁ የሳቁን ምክንያት ሳያውቅ የሚስቅ፣ ዝም ሲሉም ለምን እንደሆነ ሳይገባው ዝም የሚል ባይተዋር ሆኖ አራት ወር ኖረ። በአማርኛ የሚያወራው ከሞተሩ ጋር ብቻ ነበር፤ ሞተሩም እንደሆነ የራሱን ይለፈልፋል እንጂ የሰው አይሰማም። የመርከበኞቹ አለቃ ሩፊኖ ግን፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ አነጋገሩ የተመጠነ አረጋዊ፣ በአገሩም የፍልሚያ ጥበብ የተካነ ሊቅ ነበረና፣ ዘወትር ከቀትር በኋላ በመርከቧ የኋላ ወለል ላይ በሦስት ማዕዘን እየተራመደ፣ አስቀድሞ በዱላ፣ ቀጥሎም ከጠፍር በተጎነጎነ ረጅም ጅራፍ ይለማመድ ነበር። ዘርአብሩክ ያን ጅራፍ ባየ ጊዜ እንደ ዘመድ አወቀው፤ ቀርቦም በዚያ ሁሉም በሚግባቡበት ስብርባሪ እንግሊዝኛ፣ «ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ፤ በአገሬ ለቡሄ የሚያህለኝ አልነበረም» አለው። ሩፊኖም ፈገግ ብሎ እጀታውን ሰጠው።

በቡሄ ሥርዓት የጅራፍ ክብሩ ጩኸቱ ነውና፣ ዘርአብሩክ ከራሱ በላይ አዙሮ፣ አራት ወር ያመቀውን ነገር ሁሉ ባንድ ትንፋሽ እንደሚናገር ሰው፣ አጮኸው። ወዲያውም በወለሉ ላይ የነበሩት ሁሉ በግንባራቸው ተደፉ፤ በመርከበኛ ጆሮ እንዲህ ያለው ድምፅ ወደብ ላይ የተወጠረ ማሰሪያ ገመድ የመበጠሱ ምልክት ነውና፣ የተበጠሰ ገመድም ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው አንዱን ቀጥፎ ነበርና።

ወጥ ቤቱ ዳኒሎ ከነድስቱ ከወደቀበት ተነሥቶ ደረቱን እያራገፈ፣ «ሾርባው ፈሷል፤ ያንተን ድርሻ ወለሉ ላይ ታገኘዋለህ» አለው። ማንም አልሳቀም። ጅራፉ ባሕር እንዲጣል ሁሉም በአንድ ቃል ጠየቁ።

«ስምንት ቀን ታገሡኝ» አለ ሩፊኖ። «ውሌ አልቋል፤ በስምንተኛው ቀን ሞምባሳ እወርዳለሁ። እስከዚያ ይህ ልጅ ጅራፉን ዝም ካላሰኘው፣ እኔው ራሴ እጥለዋለሁ። ካሰኘው ደግሞ የእርሱ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በማዕድ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፤ በዚያች ሰፊ ሐመር ላይ የቀረው ሀብት ያ ጅራፍና ያ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው እንደሆነ ሊወርድ ነው።

«ሲጮህ ጉልበትህ የት ሄደ?» ይለዋል መምህሩ።

«ወደ ላይ፣ ጋሼ።»

«ጠላትህ ደመና ነው እንዴ?»

ስለዚህ ትከሻውን ማለዘብን፣ እግሩን በማዕዘኑ ላይ ማሳረፍን፣ የጅራፉን ጫፍ እንደሚተኛ ሕፃን ማውረድን ተማረ፤ ሲለማመድም የገዛ ጆሮውን ሰነጠቀ፣ ጀርባውንም ሰንበር በሰንበር አደረገ፤ በሰባተኛው ቀን ጅራፉ በብረት ምሰሶ ላይ ያለ ኮሽታ ተጠመጠመ።

በስምንተኛው ቀን ሩፊኖ የመንገድ ልብሱን ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ባልንጀሮቹ በተሰበሰቡበት ራቁት ክንዱን ዘረጋ። ጅራፉ ሄደ፤ ድምፅም አልተሰማ፤ ክንዱንም ሦስት ጊዜ ከበበው። ዳኒሎ «እንዴ» አለ በቀስታ። ዘርአብሩክ ግን ደስታ አጣድፎት፣ ፈጥኖ ሊፈታው ጎተተ፤ በጎተተም ቁጥር ጠፍሩ ጠበቀ፣ የሽማግሌውም ጣቶች ጠቆሩ።

«አትጎትት» አለ ሩፊኖ፣ ሕመሙን ሳይጮህ በሚችል ሰው ቃና፤ «ና።»

አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀረበ፤ ጠፍሩም ላልቶ ራሱን በራሱ ፈታ፣ እግራቸውም ሥር ወደቀ። ፊት ለፊት ቆመው ነበር፤ እንደዚያ ቀርቦት የቆመ ሰው ዘርአብሩክ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ አልነበረም። ሩፊኖ ጎንበስ ብሎ ጅራፉን አንሥቶ በመዳፉ ላይ አኖረለት፣ ሻንጣውን አንጠለጠለ፣ በመሰላሉም ወርዶ በምትጠብቀው ጀልባ ወደ ወደቡ ሄደ። ጅራፉ የዘርአብሩክ ሆነ፤ ሌሎቹም እያንሾካሾኩ ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ እርሱ ግን ጀልባዋ ነጥብ እስክታህል ድረስ እጀታውን ጨብጦ ቆመ፤ በሩቅ የያዙትን ለመፍታት መቅረብ ግድ ነውና፣ ቀርበው የፈቱት ሰው ግን መሄዱ አይቀርምና።