ጋሽ ዓለምብርሃን የያዙት ዓሣ

ጋሽ ዓለምብርሃን ከመስጠም የሚያድነውን ላይፍ ጃኬት በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ አገላብጠው አዩትና ወንበሩ ላይ አንጥፈው ተቀመጡበት።

«ይኼ ለሕፃን ነው» አሉ። «እኔ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ።»

ጀልባዋ የእኔ ናት። ሐይቁን የማውቀውም እኔ ነኝ። «ካልለበሱ አንሄድም» ማለት ነበረብኝ፤ «እሺ ጋሼ» አልኩ። የዚያን ቀን መዘዝ ሁሉ የመጣው ከዚህች እሺ ነውና እሷን አስቀድሜ ልናገር።

ነጂብ እባላለሁ። ኮሌጅ ፓርክ ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ጓደኞቼ ቤት ሲገዙ እኔ አሥራ ሰባት ጫማ የምትረዝም አሮጌ ጀልባ ገዛሁ፤ እስካሁን ይስቁብኛል። እድላዊትን ከወደድኳት አራት ዓመቴ ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም። አባቷ ጋሽ ዓለምብርሃን በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተው፣ ስኔልቪል ቤት ገዝተው፣ ሦስት ልጆች አሳድገው፣ አንድም እሑድ ቅዳሴ ሳያስታጉሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልልክ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ «ሌላ ጊዜ ይሁን» ተብያለሁ።

«አባዬ ሦስተኛ ሌላ ጊዜ ካለ በቃ፣ ኢትስ ኦቨር» ብላኛለች እድላዊት። «አውቀዋለሁ። እቤታችን እሱን ኖ ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም አልችልም፣ ሶሪ።»

የሐዋርያት ጾም በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ግን ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ጀልባ አለህ አሉ» ብለው ጀመሩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝሙ። «ሽማግሌዎችህ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ እኔም የሙስሊም አልበላም። ልጄን ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ሽሮ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው። ዓሣ ሲሆን ግን ማን አረደው፣ ማን ባረከው የለም። ቅዳሜ እንውጣ። ዓሣ ይዘን ከተመለስን የዚያኑ ዕለት ይምጡ። ካልያዝን ሌላ ጊዜ ይሁን።»

«ጋሼ፣ ከኮሪያዎቹ ሱቅ ልግዛና…»

«በረዶ ላይ የተጋደመ ዓሣ ሬሳ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እንግዲህ ትዳሬ ላኒየር ሐይቅ ውስጥ በሚዋኝ አንድ ዓሣ ላይ ተንጠለጠለ። ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋን ውሃ ላይ አወረድኩ።

ባስ የሚባለው ዓሣ በሐምሌ ሙቀት ዳር ላይ አይውልም። ላኒየር ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ግድብ ተገድቦ ኮረብታውንም እርሻውንም ውሃ ዋጠው። ከዳር ርቆ፣ መሃል ላይ፣ ከሥር ኮረብታ አለ፤ የኮረብታው አናት ላይ የወደቀ ዛፍ አለ፤ ባስ እዚያ ቅርንጫፍ ውስጥ ተወሽቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይውላል። ከላይ ሲያዩት ባዶ ሜዳ ነው። የሚያሳይህ ጀልባዋ ላይ ያለው፣ የውሃውን ሥር በስክሪን የሚያወጣው ሶናር ብቻ ነው። ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

«ዓሣ ዳር ነው» አሉ ጋሽ ዓለምብርሃን። «ሸምበቆ ፈልግ።»

«ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት እንኳ መሃል…»

«ሸምበቆ ፈልግ አልኩህ።»

ላኒየር ላይ ሸምበቆ የለም። ሸምበቆ የሚመስል ሣር ፈለግኩላቸው። እሳቸው መንጠቆ ይወረውራሉ፣ እኔ ከዛፍ ላይ እፈታለሁ። አንዴ ባርኔጣዬን ያዙት። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ መዳፍ የማይሞሉ ሁለት ዓሦች ይዘን መልሰን ለቀቅናቸው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን። ማለዳው፣ ሰማዩ ጠርቶ ውሃው የተኛበት ያ ሁሉ ደህና ሰዓት፣ ለእኔ ይሉኝታ ዋለ።

እድላዊት በስልክ ጻፈችልኝ፦ «ያዛችሁ? ማሚ ዘይትና ሎሚ ገዝታለች። ለሽምግልናው አጎትህ ደውለው ኮንፈርም አድርገዋል።» ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ዓለምብርሃን ላባቸውን ጠርገው፣ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «እስቲ ያ መሃል ነው የምትለው ዓሣ የት አለ?» አሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የአየሩን ትንበያ አይቼ ነበር፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ መብረቅ አለ ይላል። በሐምሌ ከስድስት ተኩል በኋላ መሃል ሐይቅ ላይ አልገኝም፤ ይህ የራሴ ሕግ ነው። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ «እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት። ሁለተኛዋ እሺ።

ከትንሿ ደሴት ባሻገር ኮረብታው ያለበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ትልቁን ሞተር አጠፋሁና በትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር በቀስታ እየዞርኩ የሶናሩን ስክሪን ተመለከትኩ። ጥልቀቱ ሃምሳ ጫማ፣ አርባ፣ ሠላሳ። ከዚያ ከሥር እንደ ተበጠረ ጥጥ የተንጨፈረረ ነገር መጣ፤ ዛፉ ነው። ከላዩ አምስት ወፋፍራም ቅስቶች ተደርድረዋል።

«እነዚህ ናቸው» አልኩ።

ጋሽ ዓለምብርሃን መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ዓሣውን በቴሌቪዥን ነው የምታየው?»

«አዎ ጋሼ። አሁን ቀጥታ ወደ ታች ይልቀቁት። ክሩን የሚያሰጥመው እርሳስ መሬት ሲነካ ያቁሙት፤ መንጠቆው ላይ ያለው ትል ከላዩ ተንሳፍፎ ይቆያል። አይወርውሩት፣ ዝም ብለው ይጠብቁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳቸውን አደረጉ። በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆመው የማጥመጃውን ዘንግ ያዙ። እኔ ወደ ምዕራብ አየሁ። ከዛፎቹ በላይ የነበረው ነጭ ደመና ሥሩ ጠቁሯል። ብልጭ አለ። መቁጠር ጀመርኩ፤ ሃያ አምስት ላይ ስደርስ ድምፁ መጣ።

«ጋሼ፣ ብንወጣ ይሻላል።»

«ዝዋይ ላይ ስንት ነጎድጓድ አይተናል። ዝም በል፣ ዓሣው ይሰማሃል።»

ሌሎቹ ጀልባዎች አንድ በአንድ አፍንጫቸውን አንስተው ወደ ወደቡ ይበራሉ። አንዱ ሲያልፈን እጁን ወደ ሰማይ ጠቆመልን። ብልጭ አለ። አሥራ አምስት። ነፋሱ ተነሣና ጀልባዋን አወዛወዛት።

«ጋሼ፣ የምሬን ነው፣ እንሂድ።»

«ከማለዳ ጀምረን ባዶ እጃችንን? ምን ይዤ ነው አጎትህን የማስተናግደው?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ እንደሆነ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ፈልጌ ነበር። ያ ዓሣ ከወጣ ማታ አጎቴ ይመጣሉ፤ ካልወጣ እድላዊትን አጣኋት። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። ያኔ ነው ዘንጉ የጎበጠው።

«ያዝኩ» አሉ ጋሽ ዓለምብርሃን፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ።

ትልቅ ነበር። ዘንጉን እስከ ውሃው ጎትቶ ወደ ዛፉ ገባ። ሳቡ፤ ትንሽ መጣ፣ ተመልሶ ገባ። ብልጭ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ደረቴ ውስጥ የገባ ድምፅ ነጎደ። ዝናቡ ገና አልደረሰም። ነፋሱ ድንገት ቆመ፤ ውሃው እንደ ብረት ምጣድ ተዘረጋ።

«ይልቀቁት ጋሼ።»

«ሊወጣ ነው» አሉና ዘንጉን ሽቅብ ወደ ሰማይ አነሡት።

ዘንጉ ይጮህ ጀመር። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። ጋሽ ዓለምብርሃን ፈገግ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ስማው፣ ክሩ ሲዘምር። እንዴት ያለ ዓሣ ነው።»

የእጄ ፀጉር ሁሉ ቆሟል። የጀልባ ፈቃድ ሲያስተምሩን የነገሩንን አስታወስኩ፤ ዘንግ ከጮኸ መብረቁ መውረጃውን እየፈለገ ነው። ክር አይደለም የሚዘምረው። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁት ደግሞ ሁለቱንም ነው፣ መብረቁንም ሰውየውንም።

መቀሱን ከኪሴ አውጥቼ ክሩን ቆረጥኩት።

ዘንጉ ተፈናጥሮ ቀና ሲል እሳቸው ወደ ኋላ ወንበሩ ላይ ወደቁ። ዘንጉን ከእጃቸው ነጥቄ ወለሉ ላይ አጋደምኩት። ትከሻቸውን ይዤ ወደ ታች ተጫንኳቸው፤ ከሥራቸው ላይፍ ጃኬቱን ጎትቼ በራሳቸው አጠለቅኩና ቀበቶውን እስኪያቃስቱ ድረስ አጠበቅኩት። ትከሻ ልስማቸው እየፈራሁ የማጎነብስላቸውን ሰው እንደ ጆንያ አሰርኳቸው። ዓይን ዓይኔን ብቻ አዩኝ።

ሞተሩ በመጀመሪያው አልነሣም። በሁለተኛውም አልነሣም። በሦስተኛው ተነሣ።

ደሴቷን ገና አልፈን ነበር ዓለሙ ሁሉ ነጭ የሆነው። ድምፁ ከብርሃኑ ጋር አብሮ መጣ። ዞሬ ሳይ ደሴቷ ላይ ካሉት ጥዶች አንዱ ከአናቱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ይጨሳል። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ ፊቴን እየገረፈኝ በግምት ነዳሁ። ጋሽ ዓለምብርሃን ወለሉ ላይ ተቀምጠው የወንበሩን እግር በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ። እኔ ሸሃዳዬን አደርጋለሁ። ማናችንም ማናችንን አልተቃወምንም።

ወደቡ ላይ ስንደርስ ደግፌ ላወርዳቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ሳይነኩኝ ወረዱ። ጀልባዋን ከመኪናው ኋላ አስሬ ስመለስ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ላይፍ ጃኬቱን እንደለበሱ። አላወለቁትም፤ እኔም ያውልቁ አላልኩም። እስከ ስኔልቪል ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ነዳን። የመስታወቱ ዝናብ መጥረጊያ ይመላለሳል። በሐሳቤ ለእድላዊት የምናገረውን አዘጋጅ ነበር፤ አባትሽን ገፍትሬ ጣልኩ፣ የዓሣሽንም ክር ቆረጥኩ።

ቤታቸው በር ላይ ስናቆም፣ «አጎትህ ስንት ሰዓት ነው ያሉት?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር ጋሼ። አሁን ደውዬ አስቀራቸዋለሁ።»

«አይቅሩ» ብለው ወረዱ።

እኔን በሽማግሌ ፊት ሊያዋርዱኝ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። የደፈራቸውን ሰው በስልክ አይሸኙም። አጎቴ ጋሽ ሸምሱ ከሌላ ሽማግሌ ጋር በሰዓታቸው መጡ፤ ሱፍ ለብሰዋል፣ የሚናገሩትን በልባቸው አጥንተዋል። እኔ እንደ ደንቡ መቅረት ነበረብኝ፤ ጋሽ ዓለምብርሃን ግን «እሱም ይግባ» ብለው አስገቡኝ።

የእድላዊት እናት እትዬ ብዙነሽ አንገታቸውን ደፍተው ገበታውን አቀረቡ። ሽሮ ነበር። ሽሮ ብቻ። አጎቴ ሽሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። እድላዊት ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ዓሣ ነበር» አሉ ጋሽ ዓለምብርሃን። «ይዤው ነበር። በእጄ ይዤው ሳለ ይኼ ልጅ ክሩን ቆረጠብኝ። አልበቃውም፣ ገፍትሮ ጣለኝ።»

አጎቴ እጃቸውን ከገበታው መለሱ። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «አበስኩ ገበርኩ» አሉ፣ የእሳቸው ያልሆነውን ቃል ከድንጋጤ ብዛት ተውሰው። «ልጅ ነው ጋሽ ዓለምብርሃን፣ በእግርዎ ላይ ይወድቃል፣ ይቅር ይበሉት…»

«ይቀመጡ እንጂ። ይቅርታ መች ጠየቅኩ?» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «እኔ ዝዋይ ላይ ያደግሁት ዓሣ በመሸጥ ነው። ከዛሬ በፊት ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ውሃ እፈራለሁ። ሃያ ዓመት ልጆቼን ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ እያልኩ አሳድጌ፣ ዛሬ ውሸቴ ሊገድለኝ ነበር። ሁሉም ሰው እሺ ይለኛል። ይኼም ከማለዳ ጀምሮ እሺ ሲለኝ ዋለና ናቅኩት። እሺ ማለቱን ባይተው ኖሮ አሁን ለቅሶ ነበር የምትመጡት።»

ጋሽ ዓለምብርሃን እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ፤ እንጀራውን ቆርሰው ሽሮውን ጠቅልለው አፌ የማይችለውን ጉርሻ ወደኔ ዘረጉ። ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በሚጥሚጣው ላሳብበው።

አጎቴ ነፍሳቸው ተመለሰችና ፈገግ አሉ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ጋሽ ዓለምብርሃን። ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ዓሣውን ስንይዘው» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ላይፍ ጃኬት ስንት አለህ?»

«ሁለት ጋሼ።»

ወደ ኩሽናው በር፣ ወደ ልጃቸው አዩ።

«ሦስተኛ ግዛ።»