የቃሉ ዳርና ዳር

«ሰማሽ አይደል እትዬ? አባባ እሄዳለሁ አሉ እኮ!» አለ ታናሽ ወንድሟ፣ የአባታቸውን ሹራብ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እየከተተ።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ራሷን ነቀነቀች። የሰማች መስሏት ነበር። የስፌት መኪናው ሲያንጎራጉር፣ ሰማያዊው መጋረጃ ከመርፌው ሥር እንደ ጅረት ሲፈስ፣ የሰው ድምፅ ሁሉ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። የከሰዓቷ ፀሐይ ጨርቁ ላይ ትዋኛለች። ራዲዮኑ ለራሱ ያወራል።

ወንድሟን ከልጅነቱ ጀምሮ «ጥድፌ» ይሉታል፤ ሰው «እ...» ካለ እሱ ነገሩን ጨርሶለት ይነሳል። ክፉ ግን አይደለም። አባቱን ሌላ ከተማ ወዳለው ቤቱ ወስዶ ሊያኖር ነው የመጣው። ቤቱ ሰፊ፣ ሚስቱም ደግ ናት። ልብስ ሰፊዋም ብትሆን ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ ተቆርጧል። ማታ ማታ «ምነው በወሰዳቸው» ስትል ራሷን ሰምታ ደንግጣ ታውቃለች።

አባቷ ካመማቸው ወዲህ ድምፃቸው ከትንፋሽ አይበልጥም። አልጋቸው ላይ ሆነው እንደገና አፋቸውን አንቀሳቀሱ።

«...ሄድ...»

«ይኸው! እንዲያውም ቸኩለዋል» አለ ጥድፌ። ስልኩ ጮኸ፤ አነሳው። «አዎ፣ አዎ፣ እየወጣን ነው።»

ያን ጊዜ ክሩ ተበጠሰ።

መኪናው ዝም ሲል ልብስ ሰፊዋ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀና አለች። የአባቷ እጅ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ሲያርፍበት የዋለ እጅ ነው። ግን አላየችውም ነበር።

ራዲዮኑን አጠፋች። «ስልኩን ዝጋው» አለችው ወንድሟን። አልጋው ሥር ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«አባባ፣ እስቲ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።»

«አል... ሄድ... ም።»

መሐሉ ያው የሰሙት ነው። እምቢታው ያለው በቃሉ ዳርና ዳር ነበር፤ ዳርና ዳሩን ደግሞ መኪናው ሲበላባቸው ዋለ። መኪናው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የማታ ማታ ምኞቷም አግዞታል። ፊቷ ጋለ።

«የሚሉትን አያውቁም እትዬ» አለ ጥድፌ፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ። «አንቺስ? እስከ መቼ ትችዪዋለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ?»

ውጭ የሚጠብቃቸው ታክሲ ክላክስ አደረገ። ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ በሩን ከፍታ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሾፌር፣ ስላስጠበቅንህ ይቅርታ። ዛሬ የሚሄድ ሰው የለም።»

ተመልሳ በሩን ዘጋች። ጥድፌ ጫማውን እንዳሰረ መሐል ቤት ቆሟል።

«አንተ እዚሁ እደር» አለችው። «ማታ አንተ ታገላብጣቸዋለህ። እኔ ልተኛ።»