ከፍየሏ ያነሱት ሊቀመንበር

የሥዕል ትምህርት ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር የጀመርኩት። በሰባ አራት ዓመተ ምህረት፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት፣ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች መስመር አስተማርኩ፤ ማንም አልተቆጣም። ቅርፅ አስተማርኩ፤ ሰላም ነው። ቀለም ላይ ስንደርስ የተላከልን ቀይ ብቻ ነበር፤ እሱንም እንደምንም ተወጣነው። ጣጣው የመጣው ስለ ርቀት ሳስተምር ነው። ሰሌዳው ላይ «ቅርብ ያለው ይተልቃል፣ ሩቅ ያለው ያንሳል» ብዬ ጻፍኩ። ይህችን ባልጻፍኩ ኖሮ ዛሬም ጥሩ ሰው ነኝ እያልኩ እኖር ነበር።

ዙሌካ የባለሱቁ የሸምሱ ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዓይኗ ያየውን እጇ አይዋሽም። ለሜይ ዴይ በዓል አንድ የተማሪ ሥዕል ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሰቀል ሲባል የሷን መረጥኩ። የቀበሌውን ስብሰባ ነው የሣለችው፣ ያውም ከአባቷ ሱቅ በር ላይ ሆና። ከፊት የታሰረች ፍየል፣ ከፍየሏ ኋላ ሕዝቡ፣ ከሕዝቡ ኋላ ደግሞ መድረኩ ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሰው። ልክ እንዳስተማርኳት። ጓድ ደምሰው በፍየሏ እግሮች መሃል ግራ እጃቸውን አንስተው መፈክር ያሰማሉ፤ ቁመታቸው ግን ጉልበቷ ጋ አልደረሰም።

ሥዕሉ ሲሰቀል ጓድ ደምሰው ቀርበው አዩት።

«ይቺ ፍየል የማን ናት?» አሉ።

«የአባቴ» አለች ዙሌካ።

«ከእኔ የበለጠችው በምን ምክንያት ነው?»

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ የሊቀመንበሩ ቁመት። ጸሐፊዋ ተናኘወርቅ ቃለ ጉባኤው ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አሰፈረችው። ልጅቷ ይህን ያደረገችው ከራሷ አመንጭታ ከሆነ ከትምህርት ቤት ትባረራለች ተባለ። ሸምሱ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆቡን በእጁ ያሻሻል።

«ጓድ መምህር አምሐ፣ ይህ የማሳነስ ነገር ያንተ ትምህርት ነው ወይስ የልጅቷ ሐሳብ?» አሉኝ ጓድ ደምሰው።

«ስለ ርቀት አስተምሬያለሁ» አልኩ። «ፍየሏን ግን እኔ አላዘዝኩም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሸምሱ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

ዙሌካን ጠየቋት። «ሲርቁ ስለሚያንሱ ነው» አለች፣ ሰዓት የነገረቻቸው ያህል።

«እኔ አንሼ አላውቅም» አሉ ጓድ ደምሰው። «በሙከራ ይጣራ።»

ወደ ላፍቶ እርሻ ወረድን። ኮሚቴው፣ እኔ፣ ዙሌካና አባቷ ማሳው ዳር በአንድ መስመር ተደረደርን። ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው ለሁሉም እርሳስ ታደለ፤ ክንድ ይዘረጋል፣ አንድ ዓይን ይጨፈናል፣ ቁመቱ በእርሳሱ ይለካል። ጓድ ደምሰው ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዙረው መራመድ ጀመሩ። በየአሥር እርምጃው ቆም ብለው ዞር ይላሉ።

«አነስኩ?»

«አላነሱም፣ ጓድ» ይላል ኮሚቴው። ተናኘወርቅ ትጽፋለች።

በመጀመሪያው አሥር እርሳሱን አከሉ። በሁለተኛው ግማሹን። የአብዮት ጥበቃው ለሜሳ፣ ሰውዬው ከእርሳሱ ጫፍ ሲያጥሩበት፣ ክፉ ላለማየት ሁለተኛ ዓይኑንም ጨፈነ። «አላነሱም» ማለቱን ግን አልተወም። ጓድ ደምሰው ቦዩን ተሻገሩ፤ ከብቶቹ መሃል ገቡ፤ ነጥብ ሆኑ። ከዚያ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ጠፉ። ድምፃቸውም ጠፋ።

«አሁን ምን ልጻፍ?» አለች ተናኘወርቅ።

«እንደነበሩ ናቸው በይ» አለ ለሜሳ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ተመለሱ ያለን ስለሌለ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ኮረብታ ላይ እርሳስ ደግነን ቆምን። እኔም ደገንኩ፤ ከሁሉም ቀጥ አድርጌ።

ጓድ ደምሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቧራ ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። «ደረስኩበት» አሉ። «ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ። ሁላችሁም ጉንዳን አክላችሁ ነበር። ጫማዬን አየሁት፣ ያው አርባ ሦስት ቁጥር ነው።»

ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ፦ ርቀት ሕዝቡን ያሳንሳል፤ ሊቀመንበሩን አይመለከትም። ዙሌካም ሥዕሉን እሳቸው ከቆሙበት ሆና በሦስት ቀን እንደገና ከሣለች ትምህርቷን ትቀጥላለች። ሸምሱ እዚያው ማሳ ላይ ቁጭ አለ።

በሦስተኛው ቀን አመጣችው። ሰፊ ማሳ፣ ዳር ላይ በአንድ መስመር የቆሙ ደቃቃ ሰዎች።

«እኔስ የት አለሁ?» አሉ ጓድ ደምሰው።

«የሚያዩት እርስዎ ነዎት» አለች።

በጣም ደስ አላቸው። እሳቸው የሌሉበትን ሥዕል ከወንበራቸው በላይ ሰቀሉት።

እኔም እፎይ አልኩ። ሰዉ ከወጣ በኋላ ጠጋ ብዬ አየሁት። ለሜሳ ጠመንጃው አለ። ተናኘወርቅ መዝገቧን አቅፋለች። ሸምሱ ቆቡን ይዟል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ሰው አለ፤ ከሌሎቹ እሩብ አይሞላም። ከኛ መሃል ነጭ ጋዋን የሚለብስ እኔ ብቻ ነኝ።

ዙሌካን በር ላይ ጠራኋት። «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አልኳት። «እኔ እኮ ከነሱ እኩል ነው የቆምኩት።»

እርሳሷን ከደብተሯ መዝዛ ክንዷን ዘረጋች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ልክ እንዳስተማርኳት፣ ከራሴ እስከ እግሬ ለካችኝ።

«አይ ቲቸር» አለች። «እርስዎ ርቀው ነበር።»

አሥር ከአሥር ሰጠኋት። ሌላ ምን እሰጣት ነበር።