ለሐይቁ ጀርባውን የሰጠ ቤት

«መልሱት! ያን አልጋ ወደ ቦታው መልሱት እላለሁ!»

የቅሬው እድርተኞች የሽቦ አልጋውን ግማሹን በር ላይ፣ ግማሹን ውስጥ እንዳንጠለጠሉ ቆሙ። ከቀብር መመለሳቸው ስለሆነ የጫማቸው አፈር ገና አልረገፈም። እድላዊት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ መንገድ ዘጋችባቸው።

«እትዬ እድላዊት፣ ሰው የት ይቀመጥ?» አለች ስህን። «ለቀስተኛው መግባቱ ነው። አልጋ ይወጣል፣ ቡፌ ወደ ጥግ ይገፋል፣ አግዳሚ ይገባል። ደንቡ ይኸው አይደል?»

«ደንብ ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ድንኳን ተጥሏል፤ እዚያ ይቀመጡ!»

«ሽማግሌዎቹስ? ብርዱን አይችሉትም።»

«ሌላው እቃ ይውጣ። አልጋው ግን ከዚያ ግድግዳ አይነሳም! የእናቴ ገላ እኮ ገና…» ትንፋሿን ሰብስባ ዓይኗን ስህን ላይ ተከለች። «ደግሞስ እንዴት ቀለለሽ? ቡፌው ወዲያ፣ ሳጥኑ ወዲህ፣ አግዳሚው እንዲህ ዞሮ… ዛሬ ያሰብሽው አይመስልም።»

ስህን ዓይኗን ከእድላዊት ላይ አንስታ ወደ አልጋው አዞረች። ፊቷ እሳት እንደ ነካው ጋለ። ሰዎቹ አልጋውን እንደያዙ አንዴ እሷን፣ አንዴ እድላዊትን ያያሉ።

«ተዉ እንጂ እናንተ ልጆች!» የሟች ወንድም አያ ዝናው ከድንኳኑ ከዘራቸውን እየመቱ መጡ። «እዚህ የሚጮኸው ለሟች ነው፤ ለአልጋ አይደለም። አውጡት! ሰው ቆሞ እየጠበቀ።»

አልጋው ወጣ። እድላዊት ከመቃኑ እጇን አንስታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ያቋረጠችውን ልቅሶ ቀጠለች። ስህንም አጠገቧ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባዋ እውነተኛ ነበር። አንዷ የሟች ልጅ ናት፤ ዛሬ ከደሴ የመጣች። ሌላዋ የሟች የመጨረሻ ልጅ የአስረስ ሚስት ናት፤ ከተዳረች ጀምሮ እዚሁ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ኋላ ባለችው አንዲት ክፍል የኖረች።

ቤቱ ሲራቆት ሰፋ። የሚገባው ሁሉ እንደ አዲስ ያየው ጀመር።

«ይኼ ቤት እንዲህ ሰፊ ኖሯል?» አለች አንዷ ለቀስተኛ ለጎረቤቷ፣ በሹክሹክታ።

«የስህን ሙያ ነው። አግዳሚዎቹን እንዴት እንዳዞረቻቸው አላየሽም? እግዜር ይስጣት፣ መተላለፊያ እንኳ ተርፏል።»

ስህን ንፍሮ የያዘውን ሰፌድ እያዞረች ሰማቻቸው። አግዳሚዎቹ የቆሙት በሐሳቧ ሶፋዎቹ በሚቆሙበት ቦታ ነበር። ቡፌው የሄደበት ጥግ በልቧ የመረጠችለት ጥግ ነው፤ በመካከል የተረፈው መተላለፊያም ምንጣፍ የሚነጠፍበት ነው። እድላዊት አልተሳሳተችም። ስህን ለሰዎቹ «ወዲህ፣ ወዲያ» ስትል አላሰበችም፤ ማሰብ አላስፈለጋትም። ይህን ቤት በልቧ ስታራቁተውና መልሳ ስታለብሰው ዓመታት አልፈዋል።

ጧት ጧት ነበር የምትሠራው። አስረስ ሚኒባሱን ሊያስነሳ ወደ መናኸሪያ ከሄደ በኋላ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ጋደም ብላ፣ ጭስ ያጠቆረውን ቆርቆሮ እያየች፣ የትልቁን ቤት በር በሐሳቧ ትከፍታለች። የጭቃውን ወለል ትደለድልና ሴራሚክ ታነጥፋለች፤ ነጩ ቆሻሻ ይይዛል ብላ ቡናማውን ትመርጣለች። ጓዳውን ታፈርስና ቧንቧው እቤት ውስጥ የሚገባ ማዕድ ቤት ታደርገዋለች፤ እቃ ቆማ የምታጥብበት፣ ወገቧ የማይቆረጥበት። ግድግዳው የሎሚ ቀለም ይቀባል። ከሁሉም በላይ ግን መስኮቱ ነበር። የአማቷ የእማማ ተሾመች አልጋ የተደገፈበትን ያንን ድፍን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ትከፍተዋለች። ያኔ ሐይቁ እቤት ይገባል፤ ጧት ብርማ፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ፣ ሲመሽ የእስጢፋኖስ ገዳምን ዛፎች ጥላ ይዞ። ስህን ያደገችው ከአምባሰል ተራራ ሥር፣ ገደል ፊት ለፊት በተሠራ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ውሃ ከቤት ሆኖ ማየት ለእሷ ከሀብት ይበልጥ ነበር።

ክፋት አልነበረበትም። ግን ቤቱ ባለቤት ነበረው፤ እማማ ተሾመች በሕይወት ነበሩ። ስህን ይህን ሳታስበው የቀረችበት ጧት የለም። «እሳቸው ሲያልፉ» አትልም፤ «ያኔ» ትላለች፣ ለራሷም ቢሆን።

እማማ ተሾመች ሲታመሙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። አጠበች፣ አጎረሰች፣ አገላበጠች። ነፍሳቸው በወጣችበት ቅጽበት አገጫቸውን በእጇ ደግፋ ነበር። ያኔ ቀና ስትል ዓይኗ ከአልጋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አረፈና፣ ሳትጠራው፣ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ሐሳብ መጣባት። እጇ ገና ከአገጫቸው አልተነሳም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያገኛት ሰው ሁሉ «ምራት እንዲህ ነች! ልጅ ያላደረገውን አደረገች» ባለ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኝ ነበር።

አንድ ሌላም ነገር ይከነክናታል። የዛሬ ዓመት በበጋ፣ እማማ ተሾመች ማኅበር አለብኝ ብለው የወጡ ዕለት፣ ጎረቤቷ ሔለን ወንፊት ልትዋስ መጣች። ስህን ወንፊቱን ከትልቁ ቤት ልታወጣ ገብታ፣ ምን እንዳገኛት፣ ሔለንን እጇን ይዛ እያስጎበኘቻት ሄደች።

«ይኼ ሶፋ። እዚህ ቴሌቪዥን። ይኼ ጓዳ ደግሞ ይፈርሳል።»

«ውይ ስህን! እኔንስ የት ታስቀምጪኛለሽ?» ሔለን ትስቃለች።

«አንቺን መስኮቱ ሥር። ያንን ግድግዳ ተይው፣ የለም በይ። ሙሉውን መስታወት ነው። እስኪ ሙች በይኝ፣ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ ለሐይቁ ጀርባ መስጠት ምን የሚሉት ዕውቀት ነው? ዓይን የሌለው ሰው የሠራው ይመስል! አሮጊቷ ደግሞ አልጋቸውን እንደ መቀርቀሪያ ደግፈውበት…»

ሳቃቸውን አፍነው ሲወጡ እማማ ተሾመች ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያራግፋሉ።

«ጠጠር ገብቶብኝ ነው፤ ግቡ ውጡ፣ ልጆቼ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሰምተው ይሆን? ስህን ዓመቱን ሙሉ ከፊታቸው ልታነበው ሞከረች። ቅያሜ አላየችም። የተለወጠ ነገርም የለም። ሰው ደግሞ ሲሰማ ይለወጣል ብላ ራሷን ስታጽናና ከረመች።

በሰልስቱ ጧት ለቀስተኛው ገና ሳይበዛ እማማ ሀዲያ መጡ። ከሟች ጋር በአንድ ዘመን የተዳሩ፣ ግቢያቸው ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ያለ፣ በደስታም በሐዘንም ከዚህ ቤት ጠፍተው የማያውቁ ናቸው። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጡት፤ አልጋው በነበረበት፣ ድፍኑ ግድግዳ ሥር።

«ነይ እስኪ፣ አብሽሪ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አሏት። ስህን አጠገባቸው ተንበረከከች። «አደራ አለብኝ። በሕይወት ሳለች ልነግርሽ አፍሬ ትቼው ነበር። አሁን ግን ከበደኝ።»

«የምን አደራ እማማ?»

እማማ ሀዲያ መዳፋቸውን በግድግዳው ምርጊት ላይ አሳለፉ። «ይኼ መስኮት ነበር።»

ስህን ምርጊቱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ሽታው የሚባል የበኩር ልጅ እንደነበራት ታውቂያለሽ። ውሃ እንደወሰደው።»

«አስረስ ነግሮኛል።»

«አስረስማ ጡት ላይ ነበር፤ ምን ያውቃል። እድላዊት ናት ትንሽ የምታስታውሰው። ልጁ መረብ ሊያነሳ በታንኳ ገብቶ ነው። ሰው ሁሉ ከዳር ሆኖ ያለቅሳል፤ እሷ ግን እዚህ መስኮት ላይ ተቀመጠች። እህል አትል፣ እንቅልፍ አትል። ታንኳዎቹ ሲፈልጉት ታያለች። ሲያገኙትም ከሁላችን በፊት ያየችው እሷ ናት። ከቀብር ስትመለስ ‹ሀዲያ፣ ጭቃ አቡኪልኝ› አለችኝ። እኔና እሷ በእጃችን ነው የደፈንነው፤ መቃኑን እንኳ አላወጣነውም። ከዚያ አልጋዋን አስጠጋችበት።»

ከድንኳኑ የአስረስ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱን እንግዳ «ግባ፣ ግባ» ይላል። ስህን የምትጠይቀውን ጥያቄ ፈራችው።

«እማማ… እሳቸው ያን ለት የተናገርሁትን ሰምተዋል?»

እማማ ሀዲያ መልሱን አላዘገዩም። «ሰምታለች። የዚያኑ ለት ወደኔ መጣች። ‹ልጂቱ እውነቷን ነው፤ ቤቱ ጨልሟል› አለችኝ። አልተቀየመችሽም፣ ወላሂ። በሳምንቱ ግንበኛውን ማህዲን ጠራችው፤ እኔም ነበርሁ። ማህዲ መቃኑን ሊፈልግ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ሲያንኳኳ፣ አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ያኔ እጁን ለቀም አደረገችው። ‹ተወው ማህዲ፣ አልቻልሁም። እኔ ስሄድ ይክፈቱት፤ ሩቅ አይደለም› አለችው። ለኔ ደግሞ ‹ትንሽ እንድትታገሰኝ ንገሪልኝ› አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በምን አፌ ልንገርሽ? ተውሁት። ይኸው፣ ተነግሮሻል።»

ስህን ተነስታ ወጣች። ከኋላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና እንደ ወትሮዋ ጋደም አለች። ከልማድ ይሁን ከቅጣት፣ ቤቱን በልቧ ልትሠራው ሞከረች። ሴራሚኩ ተነጠፈ፤ ሶፋው ገባ። መጋረጃውን ስትገልጠው ግን መስኮቱ ላይ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ተቀምጣለች። ደጋግማ ሞከረች። ሴትዮዋ አትነሳም።

ከቀትር በኋላ የሰልስቱ ለቀስተኛ ሲቀል ዘመዶች ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። አያ ዝናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድንኳኑ ሳይነሳ አንድ ነገር እንነጋገር። ቤት ሲዘጋ ይፈርሳል። አስረስና ስህን ይግቡበት። እድላዊትም ተስማምታለች።»

«ይገባታል» አለች እድላዊት፣ ወደ ስህን ዞራ። ዓይኗ አብጧል። «እኔ ልጇ ከደሴ እስክመጣ እናቴ በአንቺ እጅ ላይ ነው ያለፈችው። በዚያን ለት በአልጋው የተናገርሁሽን እርሺልኝ። ሐዘን ነው።»

ስህን አንገቷን ደፋች። አያ ዝናው መረቁ፤ ሰዉ «አሜን» አለ። ሔለን ያን ጊዜ ነው ዝምታውን ልታሞቀው የፈለገችው፤ ከልቧ ደስ ብሏት።

«ቤቱማ ሰው አገኘ! እናንተ አታውቋትም እንጂ፣ ስህን ይኼን ቤት አሳምራ ጨርሳዋለች እኮ። ሶፋው የት፣ ቴሌቪዥኑ የት፣ ሁሉን አስጎብኝታኛለች። ጓዳው ሲፈርስ፣ ያ ትልቁ መስኮት ደግሞ…»

ማንም አልሳቀም። ሔለን ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ቆመች።

«መቼ?» አለ አስረስ ቀስ ብሎ።

እድላዊት ግን የጠየቀችው ሌላ ነበር። «መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳይነጋገሩ ዓይናቸውን ወደ ድፍኑ ግድግዳ ላኩ። እማማ ሀዲያ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው በጣታቸው መካከል ቆሟል። ስህን ሁሉንም አየች። «ይቅር በሉኝ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«በመንገዱ በኩል» አለች።

ሔለን ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች።

«እንዴ፣ ሳሎኑ ብርሃን እንዲያገኝ» ቀጠለች ስህን፣ ድምፅዋ የራሷ ሳይመስላት። «ይኼኛው ግድግዳ እንዳለ ነው። አይነካም።»

እድላዊት ትንፋሿን ለቀቀች። ስህን የዋሸችው ለእድላዊት ይሁን፣ ለሟቿ፣ ወይስ ለራሷ፣ አላወቀችም። መልሷ ደግሞ እንደ ደግነት ተቆጠረላት፤ አያ ዝናው «የተባረክሽ!» ሲሉ ሰማች።

«መንገዱ ግን አቧራ ነው» አለ አንዱ።

«አቧራ ብቻ? የባጃጁስ ጩኸት!»

«መጋረጃ ወፈር ያለ ቢደረግ…»

«መጋረጃ ድምፅ ይከለክላል እንዴ ሰውዬ?»

ጨዋታው ነፍስ ዘራ። አስረስ እንኳ አንድ ቃል ጣል አደረገ። እማማ ሀዲያ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሊነሱ እጃቸውን መሬት ላይ ሲያስደግፉ ስህን ደርሳ ብብታቸውን ያዘች። እሳቸው አንዴ አዩዋትና ክንዷን ተደግፈው ተነሱ።

በር ላይ የለቀስተኛው ጫማ ተደራርቧል። ስህን ከመካከሉ የእማማ ሀዲያን የላስቲክ ጫማ ፈልጋ አወጣች። ጭቃ ነበረበት። በጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ተንበርክካ ያበጠውን እግራቸውን አንድ በአንድ ጭኗ ላይ አስደግፋ አጠለቀችላቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ፣ ራሷ በባዶ እግሯ፣ ወደ ታችኛው መንገድ አብራቸው ወረደች። ቤት ውስጥ ክርክሩ ስለ መጋረጃው ቀጥሎ ነበር።