የሞቀው ክፍል

ዳግም ደብረ ብርሃን ውስጥ በተከራየው ቤት የሕንፃ ንድፍ እየሠራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ንድፎቹን በቪዲዮ ሲያሳይ ደንበኛው ገና ያልተሠራው ቤት ውስጥ የሚዘዋወር ይመስለዋል። አሮጌው ኮምፒውተሩ ይሄን ሥራ አልችል ሲለው፣ ከአዲስ አበባ ምስል የሚያቀነባብር አዲስ ግራፊክስ ካርድ አስመጣ።

ካርዱን ይዞ ጥገና ቤት ወዳለው የትምህርት ቤት ጓደኛው ወደ ኃይለኢየሱስ ሄደ። ኃይለኢየሱስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄማ ካርዱን አይችለውም።»

«እስካሁን አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም እኮ።»

«እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልጫንክበትማ! ለካርዱ የሚሆን ገመድ እንኳ የለውም። አዲስ እስኪመጣልህ ታገሥ።»

ዳግም ግን ሥራ የሚያስረክብበት ቀን ደርሶበት ነበር። መጋጠሚያ ፈልጎ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ገመዶች ከካርዱ ጋር ራሱ አገናኛቸው። ሲያበራው ሠራ።

«አየሽ?» አላት ባለቤቱን ሥርጉትን፤ «ኃይሌ ዝም ብሎ ሲያስፈራራኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ይሞቅ ጀመር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ጉሙ ከደጅ አይነሳም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሥርጉት የሕፃን ልጃቸውን የማስተዋልን አልጋ ከመኝታ ቤት አውጥታ ኮምፒውተሩ አጠገብ አደረገችው። ልጅቷ እዚያ እንቅልፏ ጥሩ ሆነላት።

ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት አልፎ አልፎ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ዳግም መልሶ ያበራዋል። አንድ ቀን ሥርጉትን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት።

«ከጎረቤት ነው» አላት ዳግም፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። መስኮቱን ከፈተች፤ ሽታው ጠፋ። እሷም ተወችው።

ቪዲዮው በሚያልቅበት ቀን ዳግም ኮምፒውተሩን እየሠራ ትቶት ደንበኛውን ሊያገኝ ወጣ። ሥርጉት ግቢው ቧንቧ ላይ ውኃ እየቀዳች ሳለ ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳ። ዞር ስትል በመስኮቱ ጥቁር ጭስ ይወጣል።

በሩን በርግዳ ገባች። ምንም አይታይም። ከሁሉ ያስፈራት ግን ልጇ አለማልቀሷ ነው። በዳበሳ የአልጋውን እግር አግኝታ ጎተተችው፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ክንዷ ላይ ተንጠባጠበ፤ አልለቀቀችም። አከራያቸው እማማ የሺ ጩኸቷን ሰምተው መብራቱን ከቆጣሪው አጠፉ፤ እሳቱ ላይም አፈር እየበተኑ አዳፈኑት።

ዳግም ሆስፒታል ሲደርስ ማስተዋል አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች፤ ሥርጉት ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«እንዴት ናት?»

ሥርጉት ቀና ብላ አላየችውም። «እኔ ነኝ ያስጠጋኋት» አለች። «ይሞቃታል ብዬ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ! እኔ እኮ...» አላት።

ማስተዋል ተረፈች። ሐኪሙ ግን ሲሸኛቸው ጭሱ ሳንባዋን እንደጎዳው ነገራቸው። «ሕመሙ ስታድግ ሊተዋት ይችላል፤ ላይተዋትም ይችላል። ማታ ማታ አተነፋፈሷን አዳምጡ።»

አሁን ሁለቱም ያዳምጣሉ። ልጅቷ በተኛች ቁጥር ከደረቷ ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ፉጨቱ ሲሰማ ይጨነቃሉ፤ ድንገት ጸጥ ሲል ደግሞ ሁለቱም እኩል ከተቀመጡበት ይነሳሉ።